መቅዘፊያ ያላት መርከብ

በራያዋ ቆቦ ታንኳ የለም። ከተማዋ የተቀመጠችው በምዕራብ የላስታ ተራሮች፣ በምሥራቅ የዞብል ሰንሰለት ባቀፉት ሜዳ ላይ ነው። ሐይቅ ማየት የሚሻ የራያ ሰው ወደ ሰሜን በዋጃና በአላማጣ አልፎ፣ የግራት ካሕሱን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ፣ ከኮረም ማዶ ሐሸንጌ ዘንድ መድረስ አለበት፤ አለዚያም ወደ ደቡብ ወልድያን፣ መርሳንና ውጫሌን አቋርጦ እስከ ሐይቅ እስጢፋኖስ ይጓዛል። የሜዳው ውሃ ጠባዩ ሌላ ነው። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ሆኖ የከረመ የወንዝ ወለል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደጋው ሲዘንብ ድንገት ደፍርሶ ይሞላል፤ ለጥቂት ሰዓታት ያገሳል፤ ከዚያ ደለልና ድንጋይ ጥሎ ያልፋል።

ይሁን እንጂ በአንድ ጀልባ ስለተቀመጡ ሰዎች የሚነሣው ትልቅ ጥያቄ፣ ሐይቅ በሌለው በዚህ ሜዳ ላይ በየክረምቱ ይነሣል። ሰዎች አብረው ለመቅዘፍ አስቀድመው በእምነት፣ በዘር፣ በወገን አንድ መሆን ይኖርባቸዋል? ወይስ አብሮ መቅዘፉ ራሱ አንድ ያደርጋቸዋል?

ቅዱሳት መጻሕፍት ሁለት መርከቦችን ያሳዩናል። ሁለቱም በውሃ ቁጣ መካከል ያለፉ ናቸው፤ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ግን አይገጥምም።

የመጀመሪያዋ የኖኅ መርከብ ናት። ርዝመቷ 300፣ ወርዷ 50፣ ቁመቷ 30 ክንድ ሲሆን ሦስት ደርብ አላት። ስለ መቅዘፊያ የተነገረ ነገር የለም፤ በሩንም የዘጋው እግዚአብሔር ራሱ ነው። የገቡት ተለይተው የተጠሩ ናቸው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት ቤተ ክርስቲያን በዚህች መርከብ ትመሰላለች፤ ሙስሊሙም የነቢዩ ኑሕን መርከብና «ተራራ ላይ እጠለላለሁ» ብሎ የቀረውን የልጃቸውን መጨረሻ ከልጅነቱ ጀምሮ እየሰማ ያድጋል። እዚህች መርከብ ላይ ከሰው የሚፈለገው መግባት ነው። ከገባ በኋላ የሚያደርሰው ሌላ ነው።

ሁለተኛዋ ዮናስ ከኢዮጴ ወደብ ዋጋ ከፍሎ የተሳፈረባት ናት። ነፋሱ ሲበረታ መርከበኞቹ እያንዳንዳቸው ወደየአምላካቸው ጮኹ፤ አምላካቸው ብዙ ነበር። ዕጣ ጣሉ፤ ለዮናስ ወጣ። ሥራው ምን እንደሆነ፣ አገሩ የት እንደሆነ፣ ወገኑ ማን እንደሆነ ጠየቁት። እሱም መከራው በእሱ ምክንያት እንደመጣ፣ ወደ ባሕር ቢጥሉት ማዕበሉ ጸጥ እንደሚል ነገራቸው። አንባቢ ብዙ ጊዜ ወደ ዓሣው ስለሚቸኩል ቀጥሎ ያለውን ሳያስተውል ያልፋል፦ ወዲያው አልጣሉትም። መቅዘፊያቸውን ይዘው መርከቧን ወደ የብስ ለመመለስ ታገሉ። የቀዘፉለት እንግዳ መሆኑን ካወቁ፣ ጥፋተኛ መሆኑን ከራሱ አፍ ከሰሙ፣ አምላኩ የእነሱ አምላክ እንዳልሆነ ከተረዱ በኋላ ነው።

የራያ ሰው ይህን ታሪክ በሁለት በኩል ያውቀዋል። ክርስቲያኑ ከዐቢይ ጾም ቀደም ብሎ ለሦስት ቀን በሚጾመው በጾመ ነነዌ ያስታውሰዋል። ሙስሊሙ ነቢዩ ዩኑስ ወደ ተጫነችው መርከብ መሸሻቸውንና ዕጣው በእሳቸው ላይ መውጣቱን ከሱረቱ አስ-ሷፍፋት ያውቃል። የመቅዘፉ ነገር የተጻፈው በመጽሐፈ ዮናስ እንጂ በቁርኣኑ ትረካ አይደለም፤ የሸሸ ነቢይ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር በአንድ ዕጣ መታሰሩ ግን በሁለቱም ዘንድ አለ።

ሃይማኖት ያለው ሰው ራሱን በመጀመሪያዋ መርከብ ውስጥ ማየት ይቀለዋል። ይህም አግባብ ነው፤ ማንም ሰው የሚያምነውን የሚያምነው እውነት መሆኑን ስለተቀበለ ነውና። የዕለት ኑሮው የሚያልፈው ግን በሁለተኛዋ ላይ ነው። ገበያው፣ እድሩ፣ ሆስፒታሉ፣ አውቶቡሱ፣ የመስኖው ቦይ፣ ሁሉም እንደ ዮናስ መርከብ ናቸው፦ ማን ይሳፈር ብሎ የመረጠ የለም፤ ማዕበሉ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂውም ስለ ሰው ተፈጥሮ በጻፈው ሥራ፣ እ.ኤ.አ. በ1740 ባሳተመው ሦስተኛ ክፍል ላይ ሁለት ሰዎች አንዲት ጀልባ ሲቀዝፉ ያሳያል። ቃል አልተገባቡም፤ ውል አልተጻፈም፤ ግን አንዱ የሚስበው ሌላው ስለሚስብ ነው። ሂውም ፍትሕም፣ ንብረትም፣ ቋንቋም እንዲህ ባለ ያልተነገረ መግባባት ሥር ሰደዱ ይላል። ሐሳቡ ጠንካራ ነው። መተማመን ከስብከት በፊት በክንድ እንደሚጀመር ያሳያል፤ ለመቅዘፍ የጓደኛን ልብ መርምሮ መጨረስ አያስፈልግም። ግን ምሳሌው አንድ ነገር ሳይናገር ያልፋል፦ ሁለቱ ሰዎች እኩል መቅዘፊያ ይዘው፣ እኩል ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ ላይ፣ ሌላው ታች ቢሆንስ?

ራያ ይህን ጥያቄ ከፈላስፋው በተሻለ ያውቀዋል። በቆቦ ሜዳ ጎርፍ መጥለፍ የቆየ ሙያ ነው። ገበሬዎች ከወንዙ ዳር በአፈር፣ በድንጋይና በቁጥቋጦ ክትር ይሠራሉ፤ ጎርፉ ሲመጣ ወደ ቦይ፣ ከቦዩ ወደ ማሳ ይመልሱታል። ይህ የአንድ ቤት አቅም የሚችለው ሥራ አይደለም። ቦዩ ክረምት ሳይገባ በጋራ ይጠረጋል። ክትሩ በጎርፉ ጉልበት ይናዳል፣ እንደገና ይሠራል፣ ደግሞ ይናዳል። ከደጋው በኩል ነጎድጓድ ሲሰማ፣ ሌሊትም ቢሆን አካፋና ዶማ ይዞ መውጣት ነው፤ ጎርፉ ሰው እስኪነቃ አይጠብቅምና። እንደ ደጋሌትና ጅጉርቴ ያሉት የቆቦ ነባር ማሽላዎች የሚደርሱት ዝናቡ አልበቃ ሲል መሬቱ በጎርፍ ካጠራቀመው እርጥበት ነው። ክትሩን የሚሠሩት እጆች አንዳንዱ ሲነጋ ያማተበ፣ አንዳንዱ ውዱእ ያደረገ ነው፤ አፈሩን ሲያቀብሉ ልዩነት የለውም።

እስከዚህ ድረስ ሂውም ትክክል ነው። ነገር ግን የላይኛው ገበሬ ውሃውን ቀድሞ ያገኘዋል። አነስተኛ ጎርፍ ከላይኞቹ ማሳዎች አያልፍም። ትልቅ ጎርፍ ደግሞ የላይኛውን ክትር ሰብሮ ለታችኛው ይደርሳል፤ ያን ጊዜ የአንዱ ጥፋት የሌላው ሲሳይ ይሆናል። ከዚያም ወንዙ ወደ አፋር ዝቅተኛ ምድር ይወርዳል፤ እዚያ ደግሞ ሌላ ሕዝብ፣ ሌላ ቋንቋ፣ ከብቱን ይዞ የሚጠብቅ አርብቶ አደር አለ። ላስታ፣ ራያ፣ አፋር በአንድ ውሃ ላይ ተሳፍረዋል፤ የተቀመጡበት ወንበር ግን አንድ አይደለም።

በቡኻሪ የተዘገበ፣ ኑዕማን ኢብን በሺር ያስተላለፉት የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲስ ልክ ይህን ነገር ይነካል። ሰዎች በአንዲት መርከብ ላይ ቦታ በዕጣ ተከፋፈሉ፤ ለአንዳንዱ ላይኛው፣ ለአንዳንዱ ታችኛው ደረሰ። የታቾቹ ውሃ ለመቅዳት በላዮቹ በኩል ማለፍ ነበረባቸው። ከላይ ያሉትን ከምናስቸግር በድርሻችን ላይ ቀዳዳ ብንከፍትስ አሉ። ዝም ከተባሉ ሁሉም ይሰጥማል፤ እጃቸው ከተያዘ ሁሉም ይድናል። ሐዲሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ክፉን ስለመከልከል ነው፤ መልእክቱም እሱ ነው። ግን የታችኞቹን ምክንያት ቆም ብሎ ማጤን ያሻል። ክፋት አላሰቡም፤ ሰው ማስቸገር ነው የሰለቻቸው። ወደ ውሃው የሚያደርሳቸው መንገድ በሌሎች መቀመጫ መካከል ስለሆነ ነው መጥረቢያ ያነሡት። እንግዲህ ከላይ የተቀመጠ ሰው ኃላፊነት የታችኛውን እጅ ከመያዝ ይቀድማል፤ ሳይሸማቀቅ የሚያልፍበትን መንገድ መክፈት አለበት። የላይኛው ገበሬ ይህን ካላደረገ፣ የታችኛው በሌሊት መጥቶ ክትር ቢያፈርስ ጥፋቱ የሁለቱም ነው።

አብሮ መቅዘፍ ብቻውን ወዳጅ እንደማያደርግ የጣና ሐይቅ ታሪክም ይመሰክራል። የጣና ታንኳ ከደንገል ታስሮ የሚሠራ ነው። ውሃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ከሐይቁ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ዕድሜው አጭር ነው፤ ሠሪው ደጋግሞ መሥራት አለበት። በዚህ ሙያ ከሁሉ በላይ የሚታወቁት ነገደ ወይጦ ናቸው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ከ250 ዓመት በፊት ስለእነሱ ጽፏል፤ የቀድሞ ቋንቋቸው ዛሬ ጠፍቶ አማርኛ ይናገራሉ። እስልምናን ቢከተሉም፣ የቀደሙት ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለነበር፣ ክርስቲያን ጎረቤታቸውም ሙስሊም ጎረቤታቸውም ለብዙ ዘመን አብሯቸው አልበላም፣ አልተጋባም። ደሴቶቹ ላይ ገዳማት አሉ፤ ወደ ባሕር ዳር ገበያ እንጨት የሚያደርሱ ቀዛፊዎች አሉ፤ ለዚህ ሁሉ መመላለሻ የሆነችው ታንኳ ናት። ታንኳዋን በእጁ ያሰረው ሰው ግን ከማዕድ ተገልሎ ኖሯል።

ይህ ለአማኝ ሁሉ ሊያሳፍር የሚገባ ነገር ነው። ባለታንኳው በውሃው ላይ ሳለ ሕይወትህን አደራ ትሰጠዋለህ፤ ዳር ስትደርስ ጽዋህን እንዳይነካ ትከለክለዋለህ። አብረው የተጨነቁ ሰዎች አብረው ይኖራሉ የሚለውን ተስፋ ይህን ያህል የሚያፈርስ ነገር የለም።

ታዲያ የተለየ ማዕድ ሁሉ ንቀት ነው ማለት ነው? ወሎ እዚህ ላይ የሚያስተምረው አለው። በወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ይህ ወግ በቆቦም ጸንቶ የኖረ ነው። ነገር ግን ሠርግ የሚደግስ ክርስቲያን ለሙስሊም ጎረቤቶቹ የሚሆነውን በሬ ወይም በግ ለይቶ ሙስሊም ጠርቶ ያሳርዳል፤ ሙስሊሙም ለክርስቲያን እንግዶቹ እንዲሁ ያደርጋል። ቅሬው፣ በሌላ አገር እድር የሚባለው፣ ሁለቱንም ይቀብራል። ጅጌው፣ በሌላ አገር ደቦ የሚባለው፣ ሁለቱንም ይጠራል። ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ ሙስሊሙ፣ መስጊድ ሲሠራ ክርስቲያኑ ገንዘብም ጉልበትም ያዋጣል። ማዕዱ ሁለት ነው፤ የደጋሹ ሐሳብ ግን አንድ ነው፦ «እሱ ምን ይበላል?» ብሎ አስቀድሞ አስቧል። ለወይጦው ያልተደረገለት ይህ አሳቢነት ነው። ልዩነቱ በሳህን ብዛት አይለካም፤ እንግዳው ሳይመጣ በፊት ተቆጥሮለት እንደሆነና እንዳልሆነ ነው የሚለካው።

የጣና ደንገል አንድ ጊዜ ትልቅ ውቅያኖስ ላይ ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ከጣና የተቆረጠ ደንገል ወደ ግብፅ አስጭኖ፣ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሙያተኞች በጊዛ ፒራሚዶች ግርጌ «ራ» የምትባል ጀልባ ሠሩበት። ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ የተነሡት ሰባት ሰዎች የሰባት አገር ልጆች ነበሩ፦ ኖርዌይ፣ አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ጣሊያን፣ ሜክሲኮ፣ ግብፅና ቻድ። ሄየርዳል በአገርም በሃይማኖትም የተለያዩ እንዲሆኑ የመረጣቸው ሆን ብሎ ነው፤ የቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ ነበር፣ ጀልባዋም የተባበሩት መንግሥታትን ባንዲራ አውለበለበች። ወደ ሁለት ወር ገደማ ከተጓዘች በኋላ ባርባዶስ ሳትደርስ ተበታተነች። ሰዎቹ ተረፉ፤ የተበታተነው ደንገሉ እንጂ ሰባቱ አልነበሩም።

ከሰባቱ አንዱ የነበረው ሜክሲኳዊ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ሳንቲያጎ ሄኖቬስ ነገሩን በሙከራ ሊያጣራው ፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1973 «አካሊ» በምትባል ጀልባ ላይ ከራሱ ጋር 11 ሰው አሳፍሮ አትላንቲክን በ101 ቀን አቋረጠ። አገራቸው፣ ሃይማኖታቸው፣ መልካቸው የማይገጥም ሰዎችን የመረጠው ጠብ እንዴት እንደሚነሣ ለማየት ነበር። ተሳፋሪዎቹ ግን እርስ በርስ ተላመዱ። ውጥረቱ የመጣው ከእሱ ነው፤ ካፒቴኗን ከሥልጣኗ አውርዶ ብቻውን መምራት ሲጀምር ሌሎቹ በእሱ ላይ አንድ ሆኑ። የእምነት ልዩነት ያላፈረሰውን መርከብ፣ የሌላውን ድምፅ የማይሰማ መሪ ሊያፈርሰው ተቃረበ።

አብሮ መቅዘፍ በሥጋ ላይ የሚያደርገውንም ሳይንስ ነክቶታል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 12 ቀዛፊዎችን በመለማመጃ ማሽን ላይ አንድ ጊዜ ለየብቻቸው፣ አንድ ጊዜ ስድስት ስድስት ሆነው 45 ደቂቃ አሠራቸው። ልፋታቸው ያው ሆኖ፣ በቡድን ከቀዘፉ በኋላ ሕመም የመቻል አቅማቸው ጎልቶ ጨመረ። ማኅሌት የቆመ ደብተራ፣ ወዳጃ ላይ ከጀመዓው ጋር ዱአ ያደረገ ሽማግሌ ይህን ውጤት ሲሰማ አይደነቅም።

ከሁሉም ይበልጥ ልብ የሚይዘው ግን የካናዳዋ የቫንኩቨር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሐኪም የሆነው ዶን ማኬንዚ የጡት ካንሰር ሕክምና ያለፉ 24 ሴቶችን ሰብስቦ ድራገን በሚባለው፣ ብዙ ሰው ተሰልፎ በሚቀዝፈው ረጅም ጀልባ ቀዘፋ ጀመረ። የዘመኑ ምክር ክንዳቸው እንዳያብጥ ከባድና ተደጋጋሚ ሥራ እንዳይሠሩ ነበር። ቀዘፉ፤ የተፈራው እብጠት አልመጣም። ዛሬ በብዙ አገር እንዲህ ያሉ ቡድኖች አሉ። ለመቀላቀል የሚጠየቀው ጉልበት አይደለም፤ አንዷ ስትደክም ሌሎቹ ምቱን ይጠብቁላታል። በእንዲህ ያለ ጀልባ ላይ ሴቶቹ ስለ ምን እንደሚጸልዩ የሚጠይቅ የለም፤ በዚያ ሕመም ያለፈች ሁሉ ግን ወንበር አላት።

ጥብቅ አማኝ እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ማንሣት ይችላል። የዮናስ መርከበኞች ቀዘፉ፣ ግን አልተሳካላቸውም። ባሕሩ ይበልጥ ተናወጠ፤ ጸጥ ያለው ነቢዩ ሲጣል ነው። ያዳናቸው የእጃቸው ልፋት ሳይሆን የአምላክ ፈቃድ ከሆነ፣ መቅዘፉ ምን ፋይዳ ነበረው?

በዚህ ጸሐፊ እምነት መልሱ በታሪኩ ውስጥ አለ። ማዕበሉ ሲጀምር እውነተኛውን አምላክ የሚያውቀው ሰው ወደ መርከቧ ውስጠኛ ክፍል ወርዶ ተኝቶ ነበር፤ የማያውቁት ነበሩ ሸክም የሚጥሉት፣ በኋላም የሚቀዝፉት። መጽሐፉ ያንን የከሸፈ ቀዘፋ ሳይጽፈው ማለፍ ይችል ነበር፤ ጻፈው። መርከበኞቹ በመጨረሻ ዮናስን ሲጥሉትም የንጹሕ ሰው ደም እንዳይቆጠርባቸው ለመኑ። በዕጣ የወጣ ስም ብቻ የነበረው ሰው፣ ሲለፉለት ቆይተው፣ ደሙ የሚያስፈራቸው ሰው ሆነባቸው። ከዚያም ለእሱ አምላክ መሥዋዕት አቀረቡ፣ ስእለትም ተሳሉ። ዮናስ አልሰበካቸውም፤ ስለ አምላኩ የነገራቸውም ስለጠየቁት ነው።

የራያ ክትርም በየዓመቱ ይከሽፋል፤ ጎርፉ ይጥለዋል። ባለፉት አሥርት ዓመታት በራያ ሸለቆ በሲሚንቶና በብረት የተሠሩ ዘመናዊ የጎርፍ መጥለፊያዎችም ብዙዎቹ በደለል ተሞልተው ከሥራ ወጥተዋል፤ ደለል የሚሸከም ጎርፍ ከማይደርቅ ወንዝ የተለየ መሆኑን ገበሬው ቢያውቅም፣ ሥራው ሲነደፍ የእሱ ቃል በቂ ቦታ አላገኘም። አሁን በቆቦ ሜዳ የከርሰ ምድር ውሃ በፓምፕ እየተሳበ ነው፤ አንድ ጉድጓድ ብዙ ቤተሰብ ይጋራል፤ ከላይና ከታች የመሆኑ ጉዳይ በሌላ መልክ ተመልሶ መጥቷል። የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ሲቋቋምና ደንቡ ሲጻፍ፣ መጀመሪያ መጠራት ያለበት ውሃው መጨረሻ የሚደርሰው ገበሬ ነው፤ ባሏ የሞተባት፣ ቦይ ለመጥረግ የምትልከው ወንድ ልጅ የሌላትም ሴት አብራ ትጠራ። የስብሰባው ቀን ደግሞ ከጁምዓ ሶላትም ከእሑድ ቅዳሴም ጋር እንዳይጋጭ ሆኖ ይቆረጥ።